ሽቦ ላይ እያለሁ አረገዝኩ፦ ጥርሶቼ ፈጠኑ ወይስ ላሉ?

ሽቦዋ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። የ11 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። ጥርሴን በሽቦ ማስተካከል ከጀመርኩ ደግሞ 14 ወር ሆኖኛል። ከላይ በግራም በቀኝም አንዳንድ ጥርስ ተነቅሎልኝ፣ ባዶው ቦታ በጎማ ሰንሰለት እየተሳበ በመዘጋት ላይ ነው።

እስካለፈው ወር ድረስ ነገሩ የኤሊ ጉዞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን የላይኛዎቹን የፊት ጥርሶቼን በምላሴ ገፋ ሳደርጋቸው ይነቃነቃሉ። ክፍተቱንም በማስመሪያ ስለካው ከ4 ሚሊሜትር ወደ 3 ወርዷል፣ ያውም በሦስት ሳምንት ውስጥ። ድዴ ደግሞ ብሩሽ በነካው ቁጥር ይደማል።

የእርግዝና ሆርሞን ጅማት ያላላል ሲባል ሰምቻለሁ። የጥርስንም ጅማት ያላላል? ጥርስ በእርግዝና ጊዜ ፈጥኖ ይጓዛል? ከሆነስ ደስ ይበለኝ ወይስ ልፍራ? ሽቦውን ላስፈታው? ለጥርስ ሐኪሜ ገና አልነገርኩም። ለእናቴ ያልነገርኩትን ለጥርስ ሐኪም መናገር ከበደኝ።

ዝምታ_ወርቅ

ሁለተኛ ልጄን የወለድኩት ሽቦ ላይ ሆኜ ነው። ጥርሴም አልወለቀም፣ ሽቦውም አልተፈታም። ለሐኪምሽ ግን ንገሪ። እኔ እስከ አምስተኛ ወሬ ዝም ብዬ ቆይቼ የተናገርኩት ራጅ ክፍል በር ላይ ስደርስ ነበር። ያን ቀን የሐኪሜን ፊት አልረሳውም።

ሳይነቀል_በፊት

እኔ ብሆን አስፈታዋለሁ። አክስቴ «በየልጁ አንድ ጥርስ ይሄዳል» ትለን ነበር፤ አምስት ወልዳ አምስት ጥርስ አጥታለች። ፅንሱ ለአጥንቱ የሚሆነውን ካልሲየም ከየት የሚያመጣው ይመስልሻል? በዚህ ጊዜ ሽቦ መጎተት የታመመ ሰው ላይ ሸክም መጫን ነው።

የመንጋጋ_ሰው

እህቴ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ሥራዬ ጥርስ ማስተካከል ነው። አፍሽን ሳላይ ስለ አንቺ መፍረድ አልችልም፤ የጻፍሽውን ግን ልለያየው።

መነቃነቅንና መጓዝን አንድ አድርገሻቸዋል። የተነቃነቀ ጥርስ ሁሉ ተጓዘ ማለት አይደለም። ለስላሳ አፈር ላይ የተተከለ ችካል ሲወዘውዙት ይወዛወዛል፣ ከጉድጓዱ ግን ንቅንቅ አላለም። ጥርስ ተጓዘ የሚባለው ጉድጓዱ ራሱ አብሮት ሲሄድ ነው።

የጥርስ ሥር ከመንጋጋ አጥንት ጋር አልተጣበቀም። በመካከላቸው ሩብ ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ በቃጫና በደም ሥር የተሞላ ጅማት አለ። ሽቦው ጥርሱን ሲገፋው ጅማቱ በአንድ ወገን ይጨፈለቃል፣ በሌላው ወገን ይወጠራል። በተጨፈለቀው ወገን አጥንት የሚበሉ ሴሎች ይሰበሰቡና ግድግዳውን ያሟሙታል፤ በተወጠረው ወገን አጥንት ሠሪዎቹ አዲስ ግድግዳ ያነጥፋሉ። ስዊድናዊው ካርል ሳንድስቴት ይህን በውሾች ጥርስ ላይ አይቶ የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1904 ነው። ከዚያ ወዲህ ሽቦው ተለወጠ፣ ሙጫው ተለወጠ፣ አጥንቱ ግን የሚሠራው እንደ ድሮው ነው። ፍጥነቱም በአማካይ በወር 1 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አንቺ በሦስት ሳምንት 1 ሚሊሜትር ለካሁ ትያለሽ። ከተለመደው ብዙም የራቀ አይደለም፤ በማስመሪያ አፍ ውስጥ ሲለካ ደግሞ ግማሽ ሚሊሜትር መሳሳት ምንም ማለት አይደለም። ስለዚህ የፈጠነ ነገር መኖሩን ራሱ እጠራጠራለሁ።

ሆርሞኖቹን በተመለከተ፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ አይጎትቱም። ኤስትሮጅን የአጥንት በሊታዎቹ ልጓም ነው። እንቁላል ማምረቻቸው በቀዶ ጥገና የወጣ ሴት አይጦች ጥርሳቸው ፈጥኖ ተጉዟል፤ ልጓሙ ወልቋልና። በእርግዝና ኤስትሮጅን በብዙ እጥፍ ስለሚጨምር፣ በዚህ ስሌት ብቻ ከሄድን ጥርስሽ ሊዘገይ እንጂ ሊፈጥን አይገባውም። አንቺ የሰማሽው ጅማት አላላው ሪላክሲን ወደ ተቃራኒው ይስባል ተብሎ ይገመታል። ፕሮጄስትሮን ደግሞ ዋና ሥራው ድድ ላይ ነው፤ ትንንሾቹን የደም ሥሮች ያሰፋቸዋል፣ ፈሳሽም እንዲያሳልፉ ያደርጋቸዋል፣ ድዱም ያብጣል። በሥራ ዘመኔ ሽቦ ላይ ሆነው ያረገዙ ብዙ ሴቶችን ተከታትያለሁ፤ በእርግዝናው ምክንያት ዕቅዱ አስቀድሞ ያለቀላት አንዲትም አላስታውስም።

ታዲያ ለምን ይነቃነቃሉ? አንደኛ፣ ሽቦ ላይ ያለ ጥርስ ጅማቱ ስለሚሰፋ ያረገዘም ያላረገዘም ሰው ጥርስ ጥቂት ይነቃነቃል። ሁለተኛ፣ በእርግዝና ጊዜ ጥርስ ያለ ሽቦም ቢሆን ቀስ በቀስ እየላላ እንደሚሄድና ከወሊድ በኋላ እንደሚጠብቅ በመሣሪያ ተለክቶ ታይቷል። ሦስተኛውና የሚያሳስበኝ ድድሽ ነው። ፍጥነቱን እርሺው። ሎ እና ሲልነስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1963 እንዳሳዩት የነፍሰ ጡር ድድ መቆጣት ከሁለተኛው ወር ጀምሮ እየጨመረ ሄዶ በስምንተኛው ወር ጣሪያው ላይ ይደርሳል፣ በመጨረሻው ወር መውረድ ይጀምራል። አንቺ ገና አቀበቱን መጀመርሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ደግሞ አንድ የድድ ባክቴሪያ ለዕድገቱ የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ኬ በእነዚሁ ሆርሞኖች ሊተካ እንደሚችል ታወቀ። ገበታው ለእርሱ ተዘርግቶለታል ማለት ነው።

ጤነኛ ድድ ያለበትን ጥርስ መሳብ አጥንትን አይጎዳም። በተቆጣ ድድ ውስጥ መሳብ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በሽታው አጥንት ይበላል፣ ሽቦውም አጥንት ያስበላል፣ ሁለቱ ሲገናኙ የሄደው አጥንት ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ሽቦውን አታስፈቺ። ነገ ደውለሽ ማርገዝሽን ንገሪ፣ ጥርስሽን በሐኪም አሳጥቢ፣ የሚስበውን ኃይል ለጊዜው ያቀልሉልሽ።

«በየልጁ አንድ ጥርስ» ስለሚባለው፦ የጥርስ ገለፈት የደም ሥር የለውም፤ ከውስጡ ካልሲየም ቀድቶ ወደ ደም የሚያወጣ መንገድ የለም። ፅንስ እስኪወለድ ድረስ የሚያስፈልገው ካልሲየም 30 ግራም ያህል ነው፤ የእናት አጥንት ውስጥ ወደ 1 ኪሎ ግራም የሚጠጋ አለ፣ አንጀቷም በእርግዝና ጊዜ ከምትበላው ውስጥ የሚወስደውን እጥፍ ያደርገዋል። የአክስትዎን ጥርሶች የወሰዳቸው ያልታከመ የድድ በሽታና የጥርስ መቦርቦር እንጂ ልጆቻቸው አይመስሉኝም።

ሳይነቀል_በፊት

አክስቴ ይህን ብትሰማ ከዶክተሩ ጋር ትጣላለች። ለማንኛውም አመሰግናለሁ፣ የ30 ግራሙን ነገር አላውቅም ነበር።

ጥያቄ_አያልቅብኝ

ዶክተር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ይህን በዝምታ አላልፈውም። ያረገዙ አይጦች ጥርሳቸው ፈጥኖ ተጓዘ የሚል ጥናት አለ። እርስዎ ግን «አላስታውስም» ብለው ነው ያለፉት። የአንድ ሐኪም ትዝታ ማስረጃ አይደለም። ሪላክሲን በእርግጥ ጅማት የሚያላላ ከሆነስ፣ ሁለት ዓመት የሚፈጀውን ሕክምና በመርፌ አሳጥረን በአንድ ዓመት ለምን አንጨርሰውም?

የመንጋጋ_ሰው

ትዝታዬ ማስረጃ አይደለም፤ እውነትዎን ነው። ስለ መርፌው ግን ሞክረውታል።

ሪላክሲን የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1926 ነው። ፍሬድሪክ ሂሶ የተባለ አሜሪካዊ ያረገዘ እንስሳ የደም ፈሳሽ ለጊኒ አሳማ ሲወጋ የዳሌዋ ጅማት ሲላላ አየ። ጥርስ አስተካካዮችም «እንግዲያው የጥርስንስ ጅማት?» ብለው ተነሡ። በአይጥ ላይ የወጣው ውጤት የተዘበራረቀ ነበር። ከዚያ በሰው ላይ የተደረገው ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2012 ታተመ፦ ወደ 40 የሚጠጉ ሰዎች በዕጣ በሁለት ተከፍለው፣ ገሚሶቹ በየሳምንቱ ሪላክሲን፣ ገሚሶቹ መድኃኒት የሌለበት ፈሳሽ ድዳቸው ላይ ተወጉ። የጥርሳቸው ጉዞ አልተለያየም። ከተስተካከለ በኋላ ወደ ቀድሞ ቦታው የመመለስ ጠባዩም አልተለያየም።

ያረገዙት አይጦች ጉዳይ ደግሞ እርስዎ ከሚሉት ይልቅ የተወሳሰበ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ጥናት ፈጥኗል ይላል፤ በኋላ የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ ዘግይቷል ይላል። ይሄ ብቻ አይደለም። የአይጥ እርግዝና በሦስት ሳምንት ያልቃል፤ በእኛ ቤት ሦስት ሳምንት ማለት ከአንዱ ቀጠሮ እስከ ሌላው እንኳን አይሞላም። ሪላክሲንም በአይጥ ከፍ የሚለው በእርግዝናው ሁለተኛ አጋማሽ ሲሆን፣ በሴት ልጅ ግን ጣሪያውን የሚነካው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ከዚያ ይወርዳል። ይህን ልዩነት ይዘን ከአይጥ መንጋጋ ወደ እህታችን መንጋጋ መዝለል ያስቸግራል። በሰው ላይ በዕጣ ለመፈተን ደግሞ ግማሾቹን «እናንተ አርግዙ» ማለት ሊኖርብን ነው።

ጥያቄ_አያልቅብኝ

ተረታሁ። ለጊዜው።

የሌሊት_ተረኛ

አዋላጅ ነርስ ነኝ። ሽቦዋ፣ የዶክተሩ ምክር ጥሩ ነው፤ ግን ስለ አጥንት ሴሎች ሲያወሩ የሚያቅለሽልሽሽን ረስተውታል።

ካስታወክሽ በኋላ ወዲያው ብሩሽ አታንሺ። አሲዱ ገለፈቱን አለስልሶታል፣ ብሩሹ ይፍቀዋል። መጀመሪያ በውኃ ተጉመጥመጪ፣ ቢካርቦኔት ካለሽ አንድ የሻይ ማንኪያ በአንድ ብርጭቆ ውኃ በጥብጠሽ ተጉመጥመጭበት፣ መቦረሹን ለአንድ ሰዓት ያህል አቆዪው። ብሩሹ ራሱ የሚያስመልስሽ ከሆነ አነስ ያለ ጭንቅላት ያለው ግዢ፣ የሳሙናውን ሽታ ካልቻልሽ ቀይሪው፤ ቀን ካልሆነልሽ ማታ ማቅለሽለሹ ሲረግብ በደንብ ቦርሺ። መቦረሽ መተው ብቻ አይሆንም። ሽቦ በሌለበት ጥርስ ላይ ወራት የሚፈጀው ጉዳት በብራኬት (ሽቦውን እንዲይዝ ጥርስ ላይ በሚለጠፈው ቁራጭ) ዙሪያ በአራት ሳምንት ነጭ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

ሽቦው ሲጠብቅ ለሚሰማሽ ሕመም፦ ፓራሲታሞል በመጠኑ ይቻላል። አይቡፕሮፌን ግን ሐኪም ሳትጠይቂ አትዋጪ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2020 ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ እንዲቀር ያስጠነቀቀው በፅንሱ ኩላሊትና በእንሽርት ውኃው ምክንያት ነው። ሕመሙ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያው ቀን በርትቶ በሳምንት ውስጥ ይጠፋል።

ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ደግሞ የጥርስ ወንበር ላይ ቀጥ ብለሽ በጀርባሽ አትተኚ። ማሕፀኑ ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል፣ ደም ግፊትሽ ይወርዳል፣ ላብ ያጠምቅሻል። በቀኝ ዳሌሽ ሥር ትንሽ ትራስ አስገብተሽ ወደ ግራ ዘንበል በይ። ለወሊድም ስትገቢ አፍሽ ውስጥ ሽቦ እንዳለ ለማደንዘዣ ባለሙያው ንገሪ፤ ድንገት ቀዶ ጥገና ካስፈለገ ቱቦ የሚያልፈው በዚያው በአፍሽ ነው።

የመንጋጋ_ሰው

ስለ አይቡፕሮፌን አንድ ነገር ልጨምር። አጥንት በሊታዎቹን ከሚጠሩት መልእክተኞች አንዱ ፕሮስታግላንዲን ነው፤ አይቡፕሮፌን የሚዘጋውም እርሱኑ ነው። አዘውትሮ የሚዋጥ ከሆነ ላላረገዘም ሰው የጥርሱን ጉዞ ሊያዘገየው ይችላል። ፓራሲታሞል በዚህ በኩል ይሻላል። ወንበሩን ስላስታወሱን ለእህታችን ምስጋናዬ ይድረሳቸው፤ እውነትም ረስቼው ነበር።

ክዳን_በኪስ

እኔ ሽቦ አይደለም፣ ግልጹን የፕላስቲክ ክዳን ነው የማደርገው። ሰባተኛ ወሬ ላይ ነኝ። ላለፉት ሁለት ሳምንታት አዲሱ ክዳን አልገባ ብሎኛል፤ ስጫነው ድዴ ላይ ይቀመጣል። ጥርሴ ወደ ኋላ ተመልሶ ነው ወይስ አብጬ ነው?

የመንጋጋ_ሰው

ሁለቱም ሊሆን ይችላል፤ መጀመሪያ የምጠይቅሽ ግን በቀን ስንት ሰዓት ታደርጊዋለሽ የሚለውን ነው።

ክዳን_በኪስ

ተያዝኩ። ማቅለሽለሹ ሲብስ አውልቄው እውላለሁ። ምናልባት 12 ሰዓት።

የመንጋጋ_ሰው

ከ20 እስከ 22 ሰዓት ነበር የሚፈለገው። ሆርሞንሽን ከመክሰሳችን በፊት ሰዓቱን እንክሰስ። አዲሱን አትጫኚው፤ ወደ ቀድሞው ተመለሺና በደንብ የሚገባልሽን እያደረግሽ ቆዪ። ድድሽ አብጦ የክዳኑን ጠርዝ እየገፋው ከሆነ ሐኪምሽ ጠርዙን ሊከረክምልሽ ይችላል። ካስመለሰሽ በኋላ ሳትጉመጠመጪ ክዳኑን አታስገቢ፤ አሲዱን ጥርስሽ ላይ ቆልፈሽበት መዋልሽ ነው። አዲስ ልክ የሚያስፈልግ ከሆነም በማንኪያ መሰል ዕቃ አፍ ውስጥ የሚገባውን የልክ መውሰጃ ሊጥ ትተው በካሜራ እንዲወስዱልሽ ጠይቂ። የማቅለሽለሽ ወር ላይ ላለች ሴት ያ ማንኪያ ቅጣት ነው።

ዝምታ_ወርቅ

ዶክተር፣ ራጁስ? እኔ የደነገጥኩት በእርሱ ነበር። ሐኪሜ በኋላ «ችግር አልነበረውም» ብለውኛል፤ እኔ ግን ዛሬም አላመንኩም።

የመንጋጋ_ሰው

ይመኑ። አንድ ሙሉ የመንጋጋ ራጅ የሚሰጠው ጨረር ሁላችንም ከምድርና ከሰማይ በጥቂት ቀናት ውስጥ የምንቀበለውን ያህል ነው፤ ጨረሩም የሚያነጣጥረው መንጋጋ ላይ እንጂ ሆድ ላይ ስላልሆነ ማሕፀን የሚደርሰው ከቁጥር የሚገባ አይደለም። የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር እንዲያውም እ.ኤ.አ. በ2024 ለማንም ታካሚ የሆድም ሆነ የአንገት መከለያ አያስፈልግም ብሏል። ግን የእኛ ሥራ ራጅ አብዛኛውን ጊዜ አስቸኳይ አይደለም። ሊቆይ የሚችለውን ለምን ዛሬ አነሣዋለሁ? ጥርስ አብጦ ሥሩን ማየት ካስፈለገ ግን ሳላመነታ አነሣለሁ፤ ኢንፌክሽን ይዞ መቀመጥ ይብሳል።

የሌሊት_ተረኛ

መከለያው አያስፈልግም ቢባልም እናትየዋ ከጠየቀች ልበሱላት እላለሁ። ፍርሃትም ለነፍሰ ጡር ጥሩ አይደለም።

የመንጋጋ_ሰው

እሺ፣ በዚህ አልከራከርዎትም።

ገና_ሳልጀምር

እኔ ደግሞ ጥያቄዬ የተገላቢጦሽ ነው። ከባለቤቴ ጋር በሚቀጥለው ዓመት ልጅ አስበናል፣ ጥርሴንም ላስተካክል ቀጠሮ ይዣለሁ። የቱን ላስቀድም?

የመንጋጋ_ሰው

ለጥርስ ተብሎ ልጅ አይዘገይም፤ ይህ የግል አስተያየቴ ነው። ለሐኪምሽ ግን ዛሬውኑ ሐሳብሽን ንገሪ፣ ምክንያቱም ቅደም ተከተሉ ይለወጣል። መነሻ ራጁ፣ የሚነቀል ጥርስ ካለ መንቀሉ፣ የመንጋጋ አጥንት ላይ የሚቀበር ትንሽ ብሎን ካስፈለገ እርሱም ቢሆን ከእርግዝናው በፊት ማለቅ ይችላል። ድንገት በእርግዝናው ውስጥ መንቀል ካስፈለገ መካከለኛዎቹ ሦስት ወራት ይመረጣሉ፤ በተለመደው የጥርስ ማደንዘዣም ችግር የለም። ድድሽን ግን አስቀድመሽ አስመርምሪ። ድዷ ጤነኛ ሆኖ የገባችና እየደማ የገባች ሴት እርግዝናው አንድ ዓይነት አይሆንላቸውም። ዕቅድሽ የመንጋጋ ቀዶ ጥገና ያለበት ከሆነ ብቻ ነው በደንብ ተቀምጦ መነጋገር የሚያስፈልገው፤ ለቀዶ ጥገናው ሲባል ጥርሶቹ ሆን ተብለው የማይገጥሙበት ቦታ ላይ ይደረጋሉ፣ በዚያ ሁኔታ አርግዘሽ አንድ ዓመት ሙሉ ሳታኝኪ መቆየት አትፈልጊም።

ሽቦዋ (ከ3 ወር በኋላ)

ሰላም፣ ተመልሻለሁ። 24ኛ ሳምንት።

ያኔ በማግስቱ ደወልኩ። ሐኪሜ በትክክለኛ መለኪያ ስትለካው ክፍተቱ 3.4 ሚሊሜትር ሆኖ ተገኘ። ከአምስት ሳምንት በፊት በነበረው ቀጠሮ መዝገቡ ላይ የጻፈችው 4.1 ነበር። ማለትም ፈጠነ ብዬ የደነገጥኩት ጥርስ እንዲያውም ከአማካዩ ቀርፋፋ ነበር። ማስመሪያዬን አሳየኋት፣ ሳቀች።

ጥርሴን አጥባ፣ የጎማ ሰንሰለቱን አውጥታ፣ ጥርሶቹ ባሉበት የሚያቆያቸውን ሽቦ ብቻ ተወችልኝ። በአምስት ሳምንት መድማቱ ቆመ ለማለት ይቻላል፣ ከዚያ በቀላል ኃይል እንደገና ጀመረች። አሁን 2.5 ደርሷል። ቀጠሮዬም በየስምንት ሳምንቱ ሆኗል፣ በመካከሉ ለእጥበት ብቻ እሄዳለሁ።

አሁን ያመጣኝ ሌላ ነገር ነው። በላይኛው የውሻ ክራንቻዬና በጎኑ ባለው ጥርስ መካከል ከድዱ ላይ ቀይ፣ አተር የምታክል ሥጋ በቅላለች። አትታመምም፣ ስትነካ ግን ደም ታፈስሳለች። ሐኪሜ ከአገር ውጭ ናት፤ እስክትመለስ ድረስ ሌሊት ሌሊት መጥፎ መጥፎውን እያሰብኩ ነው።

የሌሊት_ተረኛ

እንቅልፍ የምታጪበት አይደለም። በክትትል ክፍላችን ደጋግሜ አይቼዋለሁ። በእርግዝና የሚወጣ የድድ እባጭ ይመስላል፤ ግን ጥርስ ሐኪም ይየው።

የመንጋጋ_ሰው

ከገለጻሽ እኔም የማስበው እርሱኑ ነው። ከመቶ ነፍሰ ጡሮች እስከ አምስቱ ላይ ይታያል፤ የሚወደው ቦታም የላይኛው የፊት ድድ ነው። የደም ሥር ጥቅል ነው፣ ካንሰር አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ በራሱ ይሟሽሻል። የሚቀሰቅሰው ግን አንድ የሚነካካው ነገር ነው፦ የደነደነ ቆሻሻ፣ የሽቦ ጫፍ፣ ወይም ከብራኬቱ ሥር የተረፈ ሙጫ። ምላስሽን ወስደሽ እዚያ አካባቢ ሻካራ ነገር ይኖር እንደሆነ ፈትሺ። ሐኪምሽ እስክትመለስ ተተኪ የምታደርገው ሰው አይጠፋም፤ በአካል ይታይ። ማኘክ እስካልከለከለሽ ወይም ደሙ አልቆም እስካላለ ድረስ ቆርጦ ማውጣት አያስፈልግም፤ በእርግዝና ውስጥ ከተቆረጠ ተመልሶ የመብቀል ልማድ አለው።

ሽቦዋ

አገኘኋት! የሽቦው ጫፍ ነው፣ ድዱን ይወጋዋል። ለጊዜው ሰም ለጠፍኩበት፣ ለነገ ቀጠሮ ተሰጥቶኛል።

ጥያቄ_አያልቅብኝ

እስኪ ላስላው፦ ከአምስት ሳምንት ዕረፍት በኋላ በሰባት ሳምንት ገደማ 0.9 ሚሊሜትር። በወር ከግማሽ ሚሊሜትር ትንሽ በለጥ ይላል። ዶክተር፣ ኤስትሮጅን ያዘገያል ያሉት እኮ ይኸው ታየ!

የመንጋጋ_ሰው

ኃይሉ ቀሎ፣ ቀጠሮው ርቆ፣ የተለካችውም አንዲት ሴት ብቻ ሆና? ማስመሪያውን ለእርስዎ አስተላለፈችልዎት መሰለኝ።

ሽቦዋ (ከ6 ወር በኋላ)

ወለድኩ። ሴት ልጅ። አሥረኛ ሳምንቷን ይዛለች።

ከ32ኛው ሳምንት ጀምሮ ጥርሶቼ ባሉበት ታስረው ቆዩ፤ 1.6 ላይ። የድድ እባጯ የሽቦው ጫፍ ከታጠፈ በኋላ እያነሰች ሄዳ፣ ልጄ አንድ ወር ሳይሞላት ጠፍታለች። ዶክተር፣ አሁን የፊት ጥርሶቼ በምላስ ሲገፉ አይነቃነቁም። ሰንሰለቱ ከአራት ሳምንት በፊት ተመልሷል። ግን እያጠባሁ ነው፤ ማጥባትስ አጥንት ይቀንሳል ሲሉ ሰማሁ። አሁንስ ይፈጥናል?

የመንጋጋ_ሰው

እንኳን ማርያም ማረችሽ።

የሰማሽው እውነት ነው። በማጥባት ወራት ኤስትሮጅን ይወርዳል፣ አጥንትም ለወተቱ ካልሲየም ያበድራል፤ በስድስት ወር ውስጥ የወገብና የዳሌ አጥንት ጥግግት ከመቶ ከሦስት እስከ አምስት እጅ ሊቀንስ ይችላል። ልጅ ጡት ስትተው ይመለሳል። ልጓሙ ላላ ማለት ነውና በሐሳብ ደረጃ ጥርስ ከእርግዝናው ይልቅ አሁን ሊፈጥን ይገባው ነበር። ስለዚህ የማደርገው አንድ ነገር ቢኖር ኃይሉን ሳላበዛ በየአራትና አምስት ሳምንቱ ማየት ነው። ስለሚያደንዝዙሽ መድኃኒቶችም ሆነ ስለ ፓራሲታሞል ስትዪ ማጥባትሽን አታቋርጪ። ይልቅ አሁን የሚያስፈራኝ እንቅልፍሽ ነው፤ ሌሊት ሦስት ጊዜ የምትነሣ እናት መጀመሪያ የምትተወው መቦረሽን ነው።

ሽቦዋ

ማን ነገረዎት? ትናንት ብሩሹን አፌ ውስጥ እንዳደረግሁ ተኝቻለሁ።

ክዳን_በኪስ

እኔም ወልጃለሁ፣ ወንድ። ጠርዙን ከርክመውልኝ የቀድሞው ክዳን ላይ ሦስት ወር ቆየሁ፣ አሁን ወደሚቀጥለው ገብቻለሁ። 21 ሰዓት። መሐላዬን ተቀበሉኝ።

ሽቦዋ (ከ3 ወር በኋላ)

ለመረጃ ያህል፦ ትናንት ክፍተቱ ተዘጋ። ሐኪሜ የጥርስ ክር ልታስገባ ሞከረች፣ አልገባ አለ። ከዚህ በኋላ ሥሮቹን ማቅናት ብቻ ነው የቀረው፣ ጥቂት ወራት። ማስመሪያውን ጥያቄ_አያልቅብኝ ከፈለገው ልልክለት ነበር፣ ግን ልጄ ጫፉን እያኘከች ጥርስ እያበቀለችበት ነው።